በእንግዳ ምሳ የተለካው ጥጋብ

ሐምሌ 2004 ዓ.ም.
ወላይታ ሶዶ

ለተከበሩ የዳሞታ ግርጌ የምግብ፣ የአፈርና የማኅበራዊ ኑሮ የተቀናጀ ምርምር ማዕከል ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ የሐምሌን ዝናብ ተሻግሮ እጅዎ ሲገባ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ ባልደረቦችዎን በአዲስ የጥናት ሐሳብ ላይ፣ የማዕከሉን ላንድክሩዘርም ከጭቃ ወጥታ ደረቅ መሬት ላይ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔን ከጠየቁኝ፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን «ደህና ነኝ» ግን ለጥናት እንዳይጠቀሙበት በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ። የወላይታ ሰው ለጠያቂው ደህንነቱን የሚያቀርበው እንደ ወንበር ነው፤ እንግዳው አረፍ ይበልበት ብሎ እንጂ ሌላ ምንም ማለቱ አይደለም።

ይህ ግልጽ ደብዳቤ በመሆኑ ሌላም ሰው ያነበዋልና ጉዳዩን ባጭሩ ላስታውስ። እኔ በሶዶ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ስሆን፣ ባለፈው መጋቢትና ሚያዝያ ከማስተምርበት ሰዓት ውጪ በማዕከልዎ በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡትን ሦስት ተመራማሪዎች፣ የአፈሩን፣ የሥነ ምግቧንና የማኅበራዊ ኑሮውን ባለሙያ፣ ከጉኑኖ ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ ቤት ለቤት ያዞርኳቸው እኔ ነኝ። ሦስቱም ወላይትኛ አይሰሙም፤ የቀበሌዋ ሰው አማርኛም ከገበያ ቃል ብዙ አያልፍም። ስለዚህ በዚያ ጥናት የተጠየቀውም የተመለሰውም ሁሉ በእኔ አፍ አልፏል። ጥናቱም የቀበሌዋ ቤተሰቦች ምግባቸውን ችለዋል ብሎ ደመደመ። ጉዳዩ የሚመለከተው ኮሚቴ ይህን መደምደሚያ ይዞ በሰኔ ወር ብዙ ቤቶችን ከሴፍቲኔት እህል አስወጣ። ይቅርታ፣ «አስወጣ» አይባልም፤ «አስመረቀ» ነው የሚባለው። ምርቃት ደግሞ ያለ ምስጋና አያምርምና እኔም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፤ ማዕከሉ ለሰው ልጅ ክብር ስላሳየው ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። በየቤቱ ስንገባ መጀመሪያ የሚነበብ የፈቃድ ቃል ነበረን፤ መሳተፍ ግዴታ እንዳልሆነ፣ ባለቤቲቱ ካልፈለገች ምክንያት ሳትሰጥ ልታሰናብተን እንደምትችል የሚናገር። እንዴት ያማረ ቃል ነው! ችግሩ፣ እንግዳ ደጅ ቆሞ፣ የቤቱ እመቤት የምታስቀምጥበትን ወንበር እየፈለገች ሳለ «ልታባርሪን ትችያለሽ» ማለት በእኛ ዘንድ ሴትዮዋን እንግዳ አባራሪ ብሎ ከመስደብ አይለይም። ስለዚህ እኔ ያንን ሁሉ ትቼ «እነዚህ ሰዎች ከሩቅ መጥተዋል፤ ተቀበሏቸው» እያልኩ ተረጎምኩ። ሁሉም ተቀበሉ። በሪፖርቱ ላይ አንድም ሰው ፈቃዱን እንዳልነፈገ በኩራት ተጽፎ አንብቤያለሁ። ለዚህ ኩራት የእኔም እጅ ስላለበት ብዙ ባመሰግን ራሴን ማመስገን ይሆንብኛል።

ሁለተኛ፤ ለአፈሩ ተመራማሪ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ሥራቸውን የሚወዱ፣ ዝናብ ሳይበግራቸው የሚቆፍሩ ሰው ናቸው። የቆፈሩት ግን ሁሌም ከቤት ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ነው። ወደዚያ የመሯቸው የየቤቱ ባለቤቶች ናቸው። እንግዳ «መሬታችሁን አሳዩኝ» ሲል ዳገቱ ላይ ያለውን፣ ጎርፍ ሥጋውን ወስዶ አጥንቱን ያስቀረውን ማሳ ማን ያሳያል? የሚያሳዩት እበትና አመድ ሲጠጣ የኖረውን ጥቁር የጓሮ አፈር ነው። የሁለቱን ልዩነት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ለእርሳቸው ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሰዎቹ በአፈራቸው ሲደነቁ ፊታቸው ሲበራ አይቼ ያንን ብርሃን ማጥፋት ከበደኝ። አፈሩም ላቦራቶሪ ደርሶ «ለም» ተብሎ ተመለሰ። እውነትም ለም ነው፤ ከጓሮው አጥር ግን አያልፍም።

ሦስተኛ፤ የሥነ ምግብ ተመራማሪዋ በወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ስላደረጉት ጥንቁቅ ምልከታ አመሰግናለሁ። በዚህ ላይ ረዘም ብል ይታገሱኝ፤ ከምስጋናዎቼ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከልጃቸው ከቤቴል ጋር የሚኖሩ፣ በሴፍቲኔት እርከን እየሠሩ ስንዴ ይቀበሉ የነበሩ ሴት ናቸው። እቤታቸው የገባነው በመጋቢት ነው። ስኳር ድንቹ በዝናብ እጦት ደርቆ፣ በቆሎው ገና ሳይበቅል፣ ሰው ሁሉ ቀበቶውን የሚያጠብቅበት ወር ነው። እርሳቸው ግን የመኪናችንን ድምፅ ሲሰሙ አጥሩ ድረስ ወጥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉን። ተመራማሪዋ ከወረቀታቸው አንብበው፣ ባለፈው ሳምንት በቤቱ የሚበላ ጠፍቶ የታደረበት ቀን ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። እኔ ይህን በሰው ቤት ተቀምጬ እንዳለ መጠየቅ አፈርኩና «ደህና ሰነበታችሁ? ጠግባችሁ ታድራላችሁ?» አልኳቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽም የሚባለውን አሉ፤ «ጌታ ይመስገን፣ እየበላን ነው» አሉ። እኔ ደግሞ ለተመራማሪዋ «አንድም ቀን አላጡም» ብዬ ተረጎምኩ። ጥያቄውንም መልሱንም አለስልሼ፣ በመካከሉ ያለውን ረሃብ እኔው ዋጥኩት።

ከዚያ ምሳ መጣ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከጓሯቸው ገና ጊዜው ያልደረሰ እንሰት ነቅለው አምቾውን፣ ድንች የመሰለውን ሥሩን፣ ቀቀሉልን። እንሰት ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው፤ ያ እንሰት ጥቂት ዓመት ቢቆይ ኖሮ ቆጮ ሆኖ ቤቱን ብዙ ጊዜ ይመግብ ነበር፤ ለእኛ ሲሉ በአንድ ቀትር አለቀ። አምቾው በቅቤ ረጥቦ፣ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር፣ አጠገቡ አቮካዶ፣ አጠገቡ እርጎ ሆኖ ቀረበ። ተመራማሪዋ ትንሽ ሚዛናቸውን ከቦርሳ አውጥተው እያንዳንዱን ሳይቀምሱ መዘኑ። ቅባቱ፣ ፍራፍሬው፣ ወተቱ፣ ሥራሥሩ በየምድቡ ተጻፈ። በሪፖርቱም የዚያ ቤት አመጋገብ «የተመጣጠነ» ተባለ።

እኛ ዘንድ፣ ክቡር ሆይ፣ እንግዳ ሲመጣ ከቤት የጎደለው ነገር በጓሮ አጥር በኩል ከጎረቤት ይገባል። እንግዳው ይህን አያይም። ዓይን ስለሌለው አይደለም፤ አሳዳጊ ስላለው ነው። ከጓሮ በኩል ኮቴ ሲሰማ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ከብቶቹ ያወራል፤ ባለቤቲቱም በሰላም ተቀብላ በሰላም ታቀርባለች። ያን ቀን ጎረቤታቸው አቶ ኤርካሎ ቅቤውንና አቮካዶውን በአጥሩ ቀዳዳ ሲያቀብሉ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ፤ እርጎውም ከሌላ ቤት ተከትሎ መጣ። እኔም እንዳደግሁት ፊቴን ወደ ደጅ አዞርኩ። በዚህ አልተወሰንኩም፤ ተመራማሪዋም እንዳያዩ ብዬ ስለ አዲስ አበባ የታክሲ ሰልፍ ጠየቅኋቸው። ሰልፉ እንዴት እንዳማረራቸው እየነገሩኝ ሳለ የሦስት ቤት ጉሮሮ በአንድ ሳህን ተሰብስቦ ሚዛናቸው ላይ ወጣ።

እኔም በላሁ። ደግሜም በላሁ፤ አለመድገም ባለቤቲቱን ማስቀየም ነውና። ጣፋጭ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

አራተኛ፤ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪው የጎረቤትን መረዳዳት አጥንተው ኅብረተሰቡ ችግርን በራሱ የመቋቋም ከፍተኛ አቅም አለው ብለው ስለጻፉ አመሰግናለሁ። ሦስት ባዶ ቤቶች ተዋጥተው አንድ እንግዳ ሲያጠግቡ ማየት በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። እንግዳው ከሄደ በኋላ ሦስቱ ምን እንደበሉ ቢጠይቁልን ግን የበለጠ ባመሰገንኩ ነበር።

በዚሁ ቁጥር ሥር እርስዎንም ላመሰግን ይገባኛል፤ በሚያዝያ የመጨረሻ ሳምንት በዚያ ሁሉ ሥራ መካከል ጊዜ ሰጥተው መስኩን ጎብኝተዋልና። በየቤቱ ተቀመጥን፤ በየቤቱ ቀረበልን። እርስዎ የቦዲቲ ልጅ ነዎት፤ ወላይትኛውን ከእኔ አሳምረው ይናገራሉ፤ እናቶቹም ያደነቁዎት በዚሁ ነው። ከቤቶቹ በአንዱ ተቀምጠን ሳለ ጓሮ በኩል ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ተመራማሪዎቹ ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ። እኔ ፊቴን ወደ ደጅ አዞርኩ፤ በዚያው ቅጽበት እርስዎም ፊትዎን ወደ ደጅ አዞሩ፤ ዓይናችን እዚያው ደጁ ላይ ተገጣጠመ። ከዚያ እርስዎ «ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» አሉ፤ እኔም «ዘገየ» አልኩ። ጨዋነትዎን በዚያች ደቂቃ አደነቅሁ። ዛሬ ግን ሪፖርቱን የፈረመው እጅ የዚያው ሰው እጅ መሆኑን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። ከአዲስ አበባ የመጡት ተመራማሪዎች አላወቁም፤ በእነርሱ አልፈርድም። እርስዎና እኔ ግን ምን እንዳናይ እንደዞርን አሳምረን እናውቃለን።

አምስተኛ፤ ውጤቱ ይፋ በሆነበት ዐውደ ጥናት ላይ ስለተደረገልኝ ክብር አመሰግናለሁ። በሶዶ አዳራሽ፣ ከሻይ እረፍት በፊት፣ «ያለ እርሱ ይህ ጥናት አይሳካም ነበር» ብለው ስሜን ጠሩ፤ ተጨበጨበ። ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የሚሆነኝ የድጋፍ ደብዳቤም በእጅዎ ሰጡኝ። ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። እንደዚያ ቀን እውነት የተነገረበት ስብሰባ አላውቅም፤ ጥናቱ ያለ እኔ በእውነትም አይሳካም ነበር።

ከዚያ ሰኔ መጣ። አንድ የገበያ ቀን ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤቴልን አስከትለው ከጉኑኖ ሶዶ ድረስ እኔን ፈልገው መጡ። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እርሳቸው ግን የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነው። ከእህሉ «ተመርቀዋል» መባላቸውን፣ ለምን እንደሆነ እንዳልገባቸው ነገሩኝና፣ አንገታቸውን ደፍተው «መምህር፣ አንተ ከተማውን ታውቃለህ፤ ቤቴል የምትቀጠርበት ጌታን የሚፈራ ቤት ፈልግልኝ» አሉኝ። ቤቴል ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅ ናት። መስከረም ላይ ዘጠነኛ መግባት፣ ምናልባትም እኔ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የነበረባት ልጅ፣ ቆማ ጫማዬን ታያለች። «እፈልጋለሁ» አልኩ። እኔም ለእንግዳ እምቢ ማለት አልችልማ! እናትየዋ ሲመርቁኝ «አሜን» ማለት አቃተኝ።

በማግስቱ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። የሴትዮዋን ስም ሳልጠራ ሁሉንም ነገርኩዎት፤ የለወጥኩትን ጥያቄ፣ ያለሰለስኩትን መልስ፣ በአጥር የገባውን ቅቤ። በትዕግሥት ሰምተው፣ ሻይ አዘውልኝ፣ እንዲህ ሲሉ አጽናኑኝ፤ «መምህር፣ ዳታው ክሊን ተደርጎ ተዘግቷል። በአስተርጓሚ ስሜት የሚከፈት ነገር አይደለም። መላሿ ራሷ ኮሚቴው ፊት ቀርባ መልሴ ልክ አልነበረም ካለች ያኔ እናየዋለን።» ይህን ፍትሐዊ መንገድ ስላሳዩኝ አመስግኜ ወጣሁ፤ በዚያው ሳምንት ወደ ጉኑኖ ተሳፈርኩ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ያልኩትን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልተቆጡም። በጥያቄውና በመልሱ መካከል እኔ ምን እንዳደረግሁ ሲገባቸው መቀመጫውን ወደ እኔ አስጠጉልኝ፤ ያ ከማንኛውም ስድብ ይበልጥ አመመኝ። ከዚያ «ታዲያ ምን ትላቸው ኖሯል? ደግ ነው ያደረግኸው» አሉኝ። ኮሚቴው ፊት እንዲቀርቡ ስለምናቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ቤቴ የበላውን እንግዳ አደባባይ ቆሜ፣ ያበላሁህ ከሰው ለምኜ ነው ልበለው? ልጄ፣ ይሄንስ አላደርገውም» አሉ። አቶ ኤርካሎም እንደዚሁ አሉ። የሄድኩበት ቤት ሁሉ እንደዚሁ አለ። ክቡርነትዎ የቦዲቲ ልጅ ነዎትና ያንን በር ሲያሳዩኝ ማንም እንደማይገባበት አስቀድመው ያውቁ ነበር ብዬ መጠርጠሬን ይቅር ይበሉኝ።

ስለዚህ የሚናገር ከጠፋ እኔ እናገራለሁ። በዚያ ጥናት የተጻፈው መልስ የቀበሌዋ ሰዎች መልስ አይደለም፤ የእኔ ነው። እነርሱ አልዋሹም፤ የተጠየቁት ስለ ሰላምታ ነው፤ በሰላምታ መለሱ። ረሃቡን ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ «አላጡም» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጓሮውን አይቼ ስለ ታክሲ ያወራሁት እኔ ነኝ። ጨዋ መሆን ፈልጌ ነበር፤ ለተመራማሪዎቹም ለባለቤቶቹም እኩል ጨዋ መሆን። ጨዋነቴ ማንን እንዳገለገለና ማንን እንዳስራበ ዛሬ ሳየው ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ይቅር የሚለኝም ሰው እየፈለግሁ አይደለም። የሚያስፈልገኝ ሌላ ነው።

የሚያስፈልገኝ ማዕከሉ ለኮሚቴው አንድ አጭር ጽሑፍ እንዲልክ ነው፤ ጥናቱ በአስተርጓሚው ጥፋት ምክንያት የማይታመን መሆኑን ገልጾ፣ በእርሱ መነሻነት የተወሰደው እርምጃ እንዲነሣ የሚጠይቅ። ጥፋቱን በሙሉ በእኔ ላይ ያድርጉት፤ አልከራከርም። ከመስከረም በፊት ይሁን እንጂ። ከመስከረም በኋላ ቤቴል የሰው ቤት ትሆናለች፤ የሰው ቤት የገባች ልጅ ደግሞ ወደ ክፍል ስትመለስ በአስተማሪነት ዘመኔ እምብዛም አላየሁም። የድጋፍ ደብዳቤዎን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ንጹሕ ነው፤ አንድም ቦታ አላቀረብኩትም።

ይህን ስጽፍ ሌላ ጥፋት እየጨመርኩ መሆኔንም አውቃለሁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ እንዳይነገር የፈለጉትን፣ ጎረቤቶቻቸው በቅጠል ሸፍነው ያቀበሉትን እኔ ለአገር ምድሩ ነገርኩ። እንግዳ ሆኜ በልቼ ጓሮውን ገልጬ አሳየሁ። እኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ እንግዳ የለም። ከጨዋው እንግዳና ከባለጌው እንግዳ ማን ይሻል እንደነበር ግን አሁን ግራ ገብቶኛል፤ ጨዋው ሳለሁ ቤቱ ተርቧል።

ለማዕከሉ ረጅም ዕድሜ፣ ለሚዛኖቹ ትክክለኛነት፣ ለላቦራቶሪው የማይቋረጥ መብራት፣ ለእርስዎም ፊትዎን ወደ ደጅ በሚያዞሩበት ጊዜ ሁሉ የማይጎረብጥ ወንበር እየተመኘሁ፣ የተዘረጋልኝን ሁሉ የበላሁ፣ የተነገረኝን ሁሉ ያሳመርኩ፣ የተጨበጨበልኝን ሁሉ የተቀበልኩ፣

ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ አስተርጓሚዎ
መምህር ቃለሕይወት ኤርሳዶ

ማሳሰቢያ፤ ኮሚቴው «ይህችን ጥሩነሽ የተባለችውን ሴት ብቻ እንመልሳትና ነገሩ ይብረድ» ብሎ እንዳይደክም እነግርዎታለሁ፤ ጥሩነሽ ስማቸው አይደለም። ቤቴልም ኤርካሎም እንደዚሁ ያወጣሁላቸው ስሞች ናቸው፤ ባል የሞተባት የልጅ እናትም በዚያች ቀበሌ አንዲት ብቻ አይደለችም። በማዕከሉ ወረቀት ላይ እንዳይፈልጓቸው ደግሞ የመላሾች ስም በምስጢር እንዲጠበቅ ብላችሁ የማንንም ስም አልጻፋችሁም። አብረን የበላንበትን ቤት አስታውሳለሁ ካሉም፣ ያን ዕለት ከእርስዎ ጋር የገባንበት ቤት ሁሉ አብልቶናል፤ በሁሉም ፊታችንን አዙረናል። እንግዲህ እኚህን አንዲት ሴት ለመመለስ ሁሉንም ከመመለስ በቀር መንገድ የለዎትም፤ ስለ ምስጢር ጠባቂነታችሁም ምስጋናዬ እጅግ የላቀ ነው።